የብሉኸር ማግስቶች

(በአንድ የንባብ ወዳጆች ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አቃንቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከአንድ የሥራ መልቀቂያ ልጀምር። በ1773 አንድ የፕሩሲያ ፈረሰኛ ሻምበል እድገት ቀረብኝ ብሎ ተቆጣ። ሌላ ሰው ተሾመ፣ እሱ ታለፈ። ወረቀት አነሳና ለንጉሡ መልቀቂያ ጻፈ። ንጉሡ ደግሞ ተራ ንጉሥ አይደለም፤ ታላቁ ፍሬድሪክ ነው። መልሱ አጭር ነበር፦ «ሻምበል ፎን ብሉኸር ወደ ሰይጣን ይሂድ።»

በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የስንብት ደብዳቤ አላየሁም።

ሻምበሉ ያኔ ገና 30 ዓመቱ ነው። ሄደ። ወደ ሰይጣን ሳይሆን ወደ እርሻ። ይህ ሰው ከ42 ዓመት በኋላ፣ በ72 ዓመቱ፣ ጎኑ ተቀጥቅጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና አረቄ እየሸተተ፣ ቤልጂግ ውስጥ አንድ ጭቃማ ሸለቆ አቋርጦ ደረሰና የናፖሊዮንን ነገር ዘጋው። ገብሃርድ ሌበሬኽት ፎን ብሉኸር ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለሱ ነው።

አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ። ብሉኸር እንደ ታላቁ ፍሬድሪክ የጦርነት ሊቅ አልነበረም። ድሎቹን ብትቆጥሩ ጥቂት ናቸው። ሽንፈቶቹን ብትቆጥሩ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም አሳፋሪ ናቸው። እኔ ሰውዬውን የምወደው በማግስቶቹ ነው። ተሸንፎ ባደረበት ሌሊት ማግስት ምን እንዳደረገ ስታዩ ነው ብሉኸር የሚገባችሁ።

የተወለደው በ1742 በሮስቶክ ነው፤ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። አባቱ ጡረታ የወጣ ሻምበል ነበር። ትምህርት ብዙም አልነካውም። ኋላ ትልቅ ሰው ሆኖም ለሚስቱ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች የፊደል ግድፈት ጫካ ናቸው። ቃሉን በአፉ እንዳለው በወረቀቱ ላይ ያሰፍረዋል። ደብዳቤዎቹ ግን ሕይወት አላቸው፤ ሰዋስው የጠነቀቁ ብዙ ጄኔራሎች የጻፉት ማንም አያነበውም።

16 ዓመት ሲሆነው ወታደር ሆነ። የት? በስዊድን ጦር! ያኔ የሰባት ዓመቱ ጦርነት የሚባለው ላይ ነን። ፕሩሲያ ከኦስትሪያ፣ ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያና ከስዊድን ጋር ትዋጋለች። ጀርመን የሚባል አንድ አገር ገና የለም፤ ትንንሽና ትልልቅ መንግሥታት ናቸው ያሉት፤ ፕሩሲያም ከነሱ አንዷ ናት። ልጁ ሩገን በምትባለው ደሴት ዘመዶቹ ዘንድ ሳለ የስዊድን ሁሳሮችን አየ። ሁሳር ማለት ቀላል ፈረሰኛ ነው፤ ፈጣን፣ ጌጠኛ፣ ጉራ የማያጣው። ልጁ ልቡ ጠፋ። ሄዶ ተመዘገበ።

በ1760 የፕሩሲያ ሁሳሮች ማረኩት። የማራኪዎቹ አዛዥ ፎን ቤሊንግ የሚባል ኮሎኔል ነው፤ ዘመዱም ሆኖ ተገኘ። ምርኮኛውን አየው፣ ወደደው፣ የራሱ መኮንን አደረገው። ልጁ በማራኪዎቹ ልብስ፣ በማራኪዎቹ ፈረስ፣ ትናንት ጓደኞቹ የነበሩትን ሊወጋ ወጣ። በዛሬ ዓይን ክህደት ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን መኮንንነት ሙያ ነበር፤ ቀጣሪ ይቀየራል።

በዚህ ሬጅመንት ውስጥ ነው እስከዚያ መልቀቂያ ድረስ የቆየው። እድገቱ የቀረው በከንቱ አልነበረም። በ1772 ፖላንድ ውስጥ በዘመተበት ወቅት አመጽ ይረዳል ብሎ የጠረጠረውን አንድ የካቶሊክ ቄስ አስያዘ። ከዚያም ሊገድለው እንደሆነ አስመስሎ፣ ወታደር አሰልፎ፣ አስፈራራው። የውሸት ግድያ ማለት ነው። ፍሬድሪክ ጨዋ ሰው ሆኖ አይደለም የተቆጣው፤ የፖላንድን ሕዝብ ለማረጋጋት በሚሞክርበት ሰዓት አንድ ሻምበል ቄስ ማሸበሩ አላማረውም። እኔም አላማረኝም። ሰውዬውን እወደዋለሁ ስላልኩ ይህን ልደብቅላችሁ አልፈልግም።

እርሻው ላይ 14 ዓመት ተቀመጠ። አገባ፣ ሰባት ልጅ ወለደ፣ መሬት ገዛ፣ ገንዘብ ያዘ። የፖሜራኒያ ባለርስት ሆኖ ቢቀር ዛሬ ስሙን የሚያውቅ አይኖርም ነበር። ግን አልሆነለትም። ፍሬድሪክ በሕይወት እስካለ ድረስ በሩ አልተከፈተለትም። ንጉሡ በ1786 ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ብሉኸር ወደዚያው ወደ ድሮው ሬጅመንቱ በሻለቃነት ተመለሰ። 44 ዓመቱ ነበር። እድሜ እኩዮቹ ጄኔራል መሆን ጀምረዋል።

ቀጥሎ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ከአብዮታዊት ፈረንሳይ ጋር በ1793 እና 1794 ተዋጋ፤ እንደ ፈረሰኛ አዛዥ ጎበዝ ነበር፤ ሜጀር ጄኔራል ሆነ። በ1801 ሌተና ጄኔራል። ስለዚያ ዘመቻ የያዘውን የዘመቻ ማስታወሻም አሳትሟል። ፊደል የማያውቀው ሰውዬ መጽሐፍ አሳተመ፤ አራሚ ነፍሱን ይማር።

አሁን ወደ 1806 እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

የፕሩሲያ ጦር በፍሬድሪክ ዝና የሚኖር ጦር ነበር። ጄኔራሎቹ አርጅተዋል፣ ደንቡ አርጅቷል፣ ኩራቱ ግን ትኩስ ነው። ኦክቶበር 14 ቀን ናፖሊዮን በየና፣ ማርሻሉ ዳቩ ደግሞ በአውርሽቴት፣ በአንድ ቀን ሁለት ጦርነት ላይ ይህን ጦር ሰባበሩት። አውርሽቴት ላይ ዳቩ የነበረው ሰው ከፕሩሲያኖቹ ግማሽ አይሞላም። ብሉኸር እዚያ ነበር። ፈረሰኞቹን ይዞ ደጋግሞ በፈረንሳይ እግረኛ ላይ ጋለበ። እግረኛው በአራት ማዕዘን ቆሞ ጠበቀው፤ ፈረሶቹ ተመለሱ። እንደገና ጋለበ። እንደገና ተመለሰ። አስተዋይ አዛዥ ከሁለተኛው በኋላ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ብሉኸር ግን ብሉኸር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመው። ትልልቅ ምሽጎች ጥይት ሳይተኩሱ በር ከፈቱ። ናፖሊዮን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ በርሊን ገባ። ልዑል ሆሄንሎኸ ፕሬንስላው ላይ 10,000 ከሚያህል ሰው ጋር እጅ ሰጠ። ብሉኸር ከኋላው እየመጣ ነበር። ይህን ሲሰማ አቅጣጫ ቀይሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ። አብሮት ሻርንሆርስት የሚባል ዝምተኛ፣ መጽሐፍ ወዳድ መኮንን አለ። የገበሬ ቤተሰብ ልጅ ነው። አንዱ ካርታ የሚያነብ፣ አንዱ ፈረስ የሚያነብ። ሁለቱ ተጠባበቁ። ሦስት የፈረንሳይ ጦር እያሳደዳቸው፣ እየተዋጉ፣ እየራባቸው ሉቤክ ደረሱ። ከተማዋ ውስጥ በየመንገዱ ውጊያ ሆነ። ሻርንሆርስት ተማረከ። ብሉኸር በጥቂት ሰው አመለጠ፤ በማግስቱ ኖቬምበር 7 ራትካው በምትባል መንደር ከባሕር ጋር ተጣበቀ። የሚሄድበት የለም።

እጅ ሰጠ። ግን አንድ ነገር ልጻፍ አለ። የእጅ መስጫው ሰነድ ላይ ምክንያቱን አሰፈረ፦ ዳቦና ጥይት ስላለቀብኝ ነው። ሌሎቹ ዳቦም ጥይትም እያላቸው ነበር እጅ የሰጡት። ያ አንድ መስመር ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዚያ የውርደት ዓመት ለፕሩሲያ ሰዎች ቀና የሚያደርግ ነገር ቢኖር ይህ የሽማግሌው መስመር ነበር። 63 ዓመቱ ነበር።

ፈረንሳዮች በሚቀጥለው ዓመት በምርኮኛ ልውውጥ ለቀቁት። በሱ ፋንታ ፕሩሲያኖች የያዙትን ጄኔራል ቪክቶርን ሰጡ። ቪክቶር በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ማርሻል ሆነ፤ ስለዚህ ልውውጡ ለሁለቱም ወገን አልከፋም።

ከዚያ የጨለማው ዘመን መጣ። ፕሩሲያ ግማሽ ያህል ግዛቷን አጣች። ሠራዊቷ 42,000 እንዳይበልጥ ተገደበ። ብሉኸር ፖሜራኒያ ላይ አዛዥ ሆኖ ተቀመጠ፤ ታመመም። በአካል ብቻ አይደለም። ይህን ክፍል ስናገር ሰው ሁሌም ይስቃል፣ እናንተም ሳቁ፣ ግን የሚያሳዝን ነገር ነው። ጄኔራሉ ዝሆን አርግዣለሁ ማለት ጀመረ። የእንግሊዙ ጄኔራል ዌሊንግተን ኋላ ሲያወራው ደግሞ አስረጋዡ የፈረንሳይ ወታደር ነው። አልኮሉም፣ ሕመሙም፣ ሽንፈቱም አንድ ላይ መጥተውበታል።

አሁን አስቡት። የሠራዊት ማሻሻያውን የሚመራው ያ ዝምተኛ ሻርንሆርስት ነው። ለበቀሉ ቀን አዛዥ ያስፈልገዋል። እጩው ዝሆን ተሸክሜያለሁ ይላል። ሻርንሆርስት ምን አለ? «መቶ ዝሆን በሆዱ ቢይዝ እንኳ መምራት ያለበት እሱ ነው።» ሻርንሆርስት ሉቤክ ድረስ አብሮት የሄደ ነው። ሁሉም ሲበተን ማን እንደቆመ በዓይኑ አይቷል። አዋቂ ጄኔራልማ በርሊን ውስጥ ሞልቷል።

በ1811 ናፖሊዮን ብሉኸር ጦርነት እያዘጋጀ ነው ብሎ ቅሬታ አቀረበ። እውነትም እያዘጋጀ ነበር። ንጉሡ ፈርቶ ከሥልጣኑ አነሳው። ሽማግሌው እንደገና ሥራ ፈታ። በ1812 ፕሩሲያ ራሷ ከናፖሊዮን ጎን ተሰልፋ ሩሲያ ላይ ወታደር ላከች። ናፖሊዮን ከሞስኮ በበረዶ ተገርፎ ሲመለስ ነገሩ ተገለበጠ። በ1813 የፀደይ ወራት ፕሩሲያ ጦርነት አወጀች፤ 70 ዓመት ያለፈውም ብሉኸር ተጠራ።

ሻርንሆርስት በመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ፣ በሜይ ወር፣ ቆሰለ። ቁስሉን ችላ ብሎ ለድርድር ሲሯሯጥ ፕራግ ላይ በጁን መጨረሻ ሞተ። ቦታውን ግናይዘናው የሚባል መኮንን ተካ፤ የብሉኸር ኢታማዦር ሹም ሆነ። የብሉኸርን ሙያ ያለ ግናይዘናው ማውራት አይቻልም። እቅዱን የሚያወጣው፣ ካርታውን የሚያነበው፣ ትእዛዙን የሚጽፈው እሱ ነው። ብሉኸር ይፈርማል፤ ከዚያ ፈረሱ ላይ ይወጣል። ብሉኸር ይህን አልደበቀም። በሚቀጥለው ዓመት ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጠው ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? እኔ ዶክተር ከሆንኩ ግናይዘናውን ፋርማሲስት አድርጉት፤ ክኒኑን የሚቀምመው እሱ ነው።

እስቲ ይህን የሚል አለቃ ጥሩልኝ። የራሱን ሪፖርት የበታቹ ጽፎለት በስብሰባ ላይ «እኔ ያዘጋጀሁት» የሚል ሰው ግን ሁላችንም እናውቃለን።

የተሰጠው ጦር የሲሌዚያ ጦር ይባላል። ወደ 100,000 ሰው። አብዛኛው ሩሲያዊ ነው። ስለዚህ የፕሩሲያ ጄኔራል የሚያዘው ጦር አብዛኛው የሱ አገር ሰው አይደለም። ከሩሲያ ጄኔራሎቹ አንዱ ላንዠሮን፣ ከአብዮቱ የሸሸ ፈረንሳዊ መኳንንት ነው፤ ትእዛዝ ሲደርሰው ራሱ ያመነበትን ያህል ብቻ ይፈጽማል። የፕሩሲያኖቹ አዛዥ ዮርክ ደግሞ መርዘኛ ምላስ ያለው ሰው ነው። ግናይዘናውን ዓይኑ ሊያየው አይፈልግም። ወታደሮቼን በእግር ጉዞ ጨረሳችኋቸው እያለ ይጮኻል፤ አሰናብተኝ ብሎ ለንጉሡ እስከ መጻፍ ደርሷል። እነዚህን አንድ ላይ ማስኬድ የሚችል ሰው የጦር ሊቅ ላይሆን ይችላል፤ ሌላ ነገር ግን ነው።

የተባባሪዎቹ፣ ማለትም የፕሩሲያ፣ የሩሲያ፣ የኦስትሪያና የስዊድን፣ ዘዴ ግልጽ ነበር። ናፖሊዮን ራሱ ሲመጣ ሽሹ፤ ማርሻሎቹን ብቻቸውን ስታገኙ ምቱ። ብሉኸር መሸሹን ጠላው፤ ግን አደረገው። ናፖሊዮን ዞር እንዳለ፣ ኦገስት 26 ቀን ካትስባኽ ወንዝ ላይ ማርሻል ማክዶናልድን አገኘው። ዝናቡ ዶፍ ነው። ባሩዱ ረጥቦ ጠመንጃ አይተኩስም። ሁለቱም ጦር ሌላው ቆሞ ይጠብቀኛል ብሎ ወደፊት ሲሄድ መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ብሉኸር ፈረንሳዮቹ ወንዙን ተሻግረው ደጋው ላይ እስኪወጡ ጠበቀ። ከዚያ በሳንጃና በሰደፍ ገፍቶ ወደ ጎረፈው ወንዝ መለሳቸው። ብዙዎች ሰጠሙ። ወደ 100 የሚጠጉ መድፎች በጭቃ ቀሩ።

ከዚህ ዘመቻ ነው ስሙ የወጣለት። እኛ ዘንድ ቢሆን በፈረሱ ስም «አባ እንትን» ይባል ነበር። የሩሲያ ወታደሮች ግን ከአፉ የማይጠፋውን አንድ የጀርመንኛ ቃል አንስተው ሰጡት፦ ፎርቬርትስ። ወደፊት! ከዚያ በኋላ ለጠላትም ለወዳጅም «ማርሻል ወደፊት» ሆነ።

የላይፕሲግን ውጊያ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኦክቶበር 1813፣ አራት ቀን፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆን ወታደር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፓ ያየችው ትልቁ ውጊያ ነው። ብሉኸር ከሰሜን መጣ፤ ሌሎቹ ሲያመነቱ እሱ ገባ፤ ፊልድ ማርሻልነቱንም በዚህ አገኘ።

በአዲሱ ዓመት ሌሊት ካውብ በምትባል ትንሽ ከተማ ራይንን ተሻገረ። የሩሲያ መሐንዲሶች በሸራ የተለበጡ ጀልባዎች ደርድረው ድልድይ ሠሩለት። ወንዙ መሐል ላይ እንደ መርከብ የቆመች ትንሽ ቤተ መንግሥት አለች፤ ዛሬም ሄዳችሁ ብታዩ ትገኛለች። ክረምት ነው፣ ብርድ ነው፣ ሌሎች ጄኔራሎች እስኪሞቅ እንጠብቅ የሚሉበት ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሽማግሌው ተሳሳተ። ወደ ፓሪስ ለመድረስ ቸኩሎ ጦሩን በትኖ አስኬደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ፌብሩዋሪ 1814 ላይ ናፖሊዮን 30,000 በሚያህል ሰው መሐሉ ገባና በአምስት ቀን አራት ጊዜ መታው። ሻምፖቤር፣ ሞንሚራይ፣ ሻቶ ቲየሪ፣ ቮሻምፕ። ናፖሊዮን በሕይወቱ ካደረጋቸው ሁሉ እነዚያ ቀናት የተለዩ ናቸው የሚሉ አሉ። ጥፋቱ የብሉኸርና የግናይዘናው ነው፤ ማስተባበያ የለውም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀባቸው።

ማግስቱስ? ሌላ ጄኔራል ቢሆን ራይን ድረስ ያፈገፍግ ነበር። ናፖሊዮንም እንደዚያ ጠብቋል። ብሉኸር ጦሩን ሰበሰበ፣ ተጨማሪ ሰው ተቀበለ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ወደ ፓሪስ መንገድ ጀመረ። ማርች ላይ ላኦን አጠገብ ናፖሊዮንን መለሰው። በዚያው ግን ታመመ። ትኩሳት ያዘው፤ ዓይኑ ቆሰለ፤ ብርሃን መቋቋም አልቻለም። በኋላ ጦሩን ተከትሎ በሠረገላ ሲሄድ ብርሃኑን ለመከለል የሴት ባርኔጣ አድርጎ ነበር። ማርች 31 ቀን ተባባሪዎቹ ፓሪስ ገቡ።

ለንደን በሄደ ጊዜ ሕዝቡ አበደለት። ጆርጅ ስቴፈንሰን በዚያው ዓመት የሠራትን የእንፋሎት ባቡር «ብሉኸር» አላት፤ 30 ቶን ከሰል እየጎተተች ከሰው እርምጃ እምብዛም ባልበለጠ ፍጥነት ትሄድ ነበር። «ማርሻል ወደፊት» ቢያያት ይናደድ ነበር መሰለኝ። ቁማርም እንደ ልማዱ ተጫወተ። ቁማሩን ትቶ አያውቅም።

አሁን ወደ 1815 ደረስን። ናፖሊዮን ከተጋዘባት ከኤልባ ደሴት አምልጦ ተመልሷል። ብሉኸር ቤልጂግ ውስጥ ነው፤ ጎረቤቱ የእንግሊዙ ዌሊንግተን ነው። ተደጋግፈን እንዋጋለን ብለው ተማምነዋል።

ጁን 16 ቀን ናፖሊዮን ሊኚ ላይ መጀመሪያ ብሉኸርን መታ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በየመንደሩ ውስጥ ሰው ለሰው ተጨራረሱ። ሲመሽ የፕሩሲያው መሐል ተሰበረ። የ72 ዓመቱ ሽማግሌ ፈረሰኞቹን ሰብስቦ ራሱ እየመራ ጋለበ፤ ልክ እንደ አውርሽቴት። ፈረሱ ተመታ። ወደቀ፤ ፈረሱም በላዩ ወደቀበት። ከሥር ተቀረቀረ። አጃቢው ኖስቲትስ ከፈረሱ ወርዶ ካባውን ጣል አደረገበትና አጠገቡ ቆመ። የፈረንሳይ ጋሻ ለባሽ ፈረሰኞች እየጋለቡ አለፉ። ሲመለሱም እንደገና በዚያው አለፉ። ከሥር ያለው ማን እንደሆነ አንዳቸውም አላወቁም። ጨለማ ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ፈረስ የተጫነው ሰው ደግሞ ብዙ ነው።

በዚያ ሌሊት የጦሩ አዛዥ የት እንዳለ አይታወቅም። ውሳኔው ግናይዘናው ላይ ወደቀ። ግናይዘናው ዌሊንግተንን አያምነውም። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ስንቁና ወደ አገሩ ማፈግፈግ ይችል ነበር፤ ናፖሊዮን የጠበቀውም ይህን ነው። ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ዋቭር ከተማ አለ። ያ ማለት ከእንግሊዞቹ ብዙ ሳይርቁ መቆየት ነው። የዋተርሉ ጦርነት አሸናፊ በዚያች ጨለማ ሰዓት ተወሰነ ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

ብሉኸር በዚያው ሌሊት ተገኘ። አንድ ቤት ውስጥ አስተኝተው በነጭ ሽንኩርትና በአረቄ አሹት። ሃርዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ አገናኝ መኮንን በውጊያው ግራ እጁን አጥቶ እዚያው ተኝቶ ነበር። ብሉኸር ጠርቶ አቀፈውና ይቅርታ ጠየቀ፦ «ትንሽ እሸታለሁ።»

አልጋው ላይ ሆኖም የሚጠይቀው ስለ ማግስቱ ነበር። ጁን 18 ጠዋት ያስጻፈው መልእክት እንዲህ የሚል መንፈስ ነበረው፦ ብታመምም በጦሬ ፊት ሆኜ የናፖሊዮንን ቀኝ ክንፍ ልመታ እመጣለሁ። ከዋቭር እስከ ዋተርሉ ሜዳ ያለው መንገድ በሰላሙ ቀን አጭር ነው። ትናንት ግን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሌሊቱን ዘንቧል። ላዝን በሚባለው ጠባብ ሸለቆ መድፎቹ እስከ ጎማቸው አጋማሽ ሰመጡ። ከፊት የተመደበው የቡሎቭ ኮር ሊኚ ላይ ያልተዋጋ፣ ያልደከመ ነው፤ ችግሩ ከሁሉም ሩቅ የሰፈረው እሱ ነበር። ይባስ ብሎ ዋቭር ውስጥ እሳት ተነስቶ መንገድ ዘጋ። ወታደሮቹ አልቻልንም አሉ። ሽማግሌው በየመሐላቸው እየጋለበ፦ ለወንድሜ ዌሊንግተን ቃል ሰጥቻለሁ፤ ቃሌን ላፈርስ ትፈልጋላችሁ?

አማርኛችን ለዚህ የሚሆን አለው፤ ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ብሉኸር አማርኛ ቢያውቅ የሚላት እሷን ነበር።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ በኛ አቆጣጠር የፕሩሲያ መድፍ በናፖሊዮን ቀኝ በኩል ማስገምገም ጀመረ። ፕላንሰንዋ የምትባለው መንደር ተያዘች፣ ተነጠቀች፣ እንደገና ተያዘች። ናፖሊዮን የክብር ዘቡን ከፊሉን ወደዚያ ለመላክ ተገደደ። ሲመሽ ደግሞ ሌላው የፕሩሲያ ኮር፣ የሲተን ኮር፣ ከዌሊንግተን ግራ ክንፍ ጋር ተገናኘ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ ቀን ወደ 7,000 ፕሩሲያውያን ሞተዋል፣ ቆስለዋል ወይም ጠፍተዋል። «ዌሊንግተን ዋተርሉ ላይ አሸነፈ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይህን ቁጥር ንገሩት።

በነገራችን ላይ ዋቭር ላይ የቀረ አንድ ኮር ነበር፤ ግሩሺ ከሚባለው ማርሻል ጋር ብቻውን ሲፋለም ዋለ። የዚያ ኮር ኢታማዦር ሹም ካርል ፎን ክላውዘቪትስ ነው። ኋላ በጦርነት ፍልስፍና ዓለም ያወቀው ክላውዘቪትስ! በዘመኑ ትልቁ ቀን ላይ ከዋናው ሜዳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የዋለው።

ማታ 3 ሰዓት ገደማ ሁለቱ አዛዦች «ላ ቤል አልያንስ» የሚባል የመንገድ ዳር ማደሪያ አጠገብ ተገናኙ። ትርጉሙ ያማረው ኅብረት እንደ ማለት ነው። ብሉኸር እንግሊዝኛ አያውቅም። ፈረንሳይኛውም ከዚያ የባሰ ነው። ዌሊንግተንን አቅፎ በፈረንሳይኛ «ኬል አፌር!» አለው። ምን ዓይነት ጉድ ነው! ዌሊንግተን ኋላ ሲቀልድ፣ የሚያውቀው ፈረንሳይኛ በሙሉ ያ ነበር ብሏል። ብሉኸር ጦርነቱ በዚያች ማደሪያ ስም ይጠራ አለ። ዌሊንግተን ግን ባደረበት መንደር ስም ዋተርሉ አለው። እኔ የብሉኸሩ ይሻል ነበር እላለሁ።

ፓሪስ ሲገባ አላማረበትም። ናፖሊዮንን ካገኘሁ አስረሽነዋለሁ አለ። በየና ድል ስም የተሠራውን ድልድይ በባሩድ ላፈርስ ብሎ ሰው አሰማራ። ዌሊንግተን እንግሊዛዊ ዘብ ድልድዩ ላይ አቁሞ አስተረፈው። 1806 ከሆዱ አልወጣችም ነበር። ዝሆኗ እሷ ነበረች መሰለኝ።

ንጉሡ ለሱ ብሎ ልዩ የብረት መስቀል ኮከብ አሠራ። ያንን ኮከብ ከሱ ሌላ ያገኘው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጀርመን ፊልድ ማርሻል ሂንደንቡርግ ብቻ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ። ጀርመኖች እስከ ዛሬ በሙሉ ልቡ የሚገባን ሰው «እንደ ብሉኸር ገባበት» ይሉታል። የጦር መርከቦችም በስሙ ተሰይመው ነበር። አንዷ በ1915 ሰሜን ባሕር ላይ፣ ሌላዋ በ1940 ኦስሎ መግቢያ ላይ ሰጠሙ። መርከብ ማግስት የለውም።

ብሉኸር በሴፕቴምበር 12 ቀን 1819 በሲሌዚያ ርስቱ ክሪብሎቪትስ ሞተ። 76 ዓመቱ ነበር። እዚያው የድንጋይ መቃብር ተሠራለት። አገሩ ዛሬ ፖላንድ ነው። በ1945 የሶቪየት ወታደሮች ደርሰው መቃብሩን ሰበሩት፤ አጥንቱን በተኑት። «ማርሻል ወደፊት» የሚለውን ስም ያወጡለት የሩሲያ ወታደሮች እንደነበሩ አትርሱ።

መቃብሩ ባዶውን ቆሞ ዓመታት አለፉ። ከ1989 በኋላ አንድ ሰው የተረፈውን አጥንት ሰብስቦ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ በምትገኘው በሶሽኒጻ መንደር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር አሳረፈው። ያ ሰው የፖላንድ ቄስ ነው።